ሰማይ ሲታረስ

በ2017 ዓ.ም. ሦስት ወር እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ብረቶች ከሰማይ ወረዱ።

አንደኛው የወረደው ጥቅምት 3 ቀን፣ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ፣ ከሜክሲኮ ድንበር ብዙም በማይርቅ የባሕር ዳርቻ ነው። ስፔስኤክስ የተባለው ኩባንያ የሠራው የስታርሺፕ ሮኬት የታችኛው ክፍል ነበር፤ ቁመቱ 71 ሜትር ያህል፣ የተሸከመው ሞተር 33። ከተነሣ ሰባት ደቂቃ ገደማ በኋላ ወደ ተነሣበት ቦታ ተመልሶ መጣና ሁለት የብረት ክንድ ዘርግቶ የሚጠብቀው ማማ አየር ላይ ያዘው። ሁለተኛው የወረደው ታኅሣሥ 21 ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነው። ማኩዌኒ በሚባለው አካባቢ ሙኩኩ የምትባል መንደር አለች። እዚያ 500 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ ከዳር እስከ ዳር 2.5 ሜትር የሚሰፋ የብረት ቀለበት ወደቀ። የኬንያ የጠፈር ኤጀንሲ ባለሙያዎች ሄደው አዩት፤ ከሮኬት ላይ የሚለይ ቀለበት ነው ሲሉም አስታወቁ። የመጀመሪያው መግለጫቸው የማን ሮኬት እንደሆነ አልጠራም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም።

ሁለቱም ብረቶች የአንድ ጥበብ ልጆች ናቸው። አንዱን ባለቤቱ ክንድ ዘርግቶ ተቀበለው፤ ሌላውን የጠበቀው አልነበረም። ስለ ዘመናችን ሮኬቶች ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ፤ አብዛኛው ወይ ውዳሴ ነው ወይ ወቀሳ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በእነዚህ በሁለቱ አወራረዶች መካከል ያለው ርቀት ነው።

ከውዳሴው ልጀምር፤ ይገባልና። የቴክሳሱን አወራረድ በቪዲዮ ያየ ሰው መደነቁን መደበቅ አይችልም። ያ ሁሉ ብረት ቁልቁል እየተምዘገዘገ ይመጣል። መሬት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው 13 ሞተሮች በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላሉ፤ ፍጥነቱ ይበርዳል። ከዚያ አሥሩ ይጠፉና ሦስቱ ብቻ ይቀራሉ። ብረቱ በሦስቱ እሳት ላይ እንደቆመ ጎኑን ወደ ማማው እያስጠጋ፣ ዘንበል ብሎ እየተቃና፣ በሁለቱ ክንዶች መካከል ይገባል። ከአናቱ አካባቢ በግራና በቀኝ የወጡት ሁለት አጫጭር ጉጦች ክንዶቹ ላይ ዐረፍ ሲሉ እሳቱ ይጠፋል። የሰው ልጅ ይህን ማድረግ መቻሉ ደስ ሊያሰኘን ይገባል። ማን ሠራው፣ ለምን ሠራው የሚለውን ከመጠየቃችን በፊት፣ ስሌቱን የሠሩትን፣ ብረቱን የበየዱትን፣ ሌሊቱን ቫልቭ ሲፈትሹ ያደሩትን ሰዎች ማክበር የጨዋ ሰው ወግ ነው።

ነገሩ ለምን ከባድ እንደሆነ ቀድሞ በሒሳብ ያሳየው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ ነው። በልጅነቱ ታሞ የመስማት አቅሙን በአብዛኛው ያጣ፣ ካሉጋ በምትባል የክፍለ ሀገር ከተማ የሚያስተምር መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው ቀመር እስከ ዛሬ የሮኬት ሠሪ ሁሉ ጌታ ነው። በምድር ዙሪያ ለመዞር በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ ያስፈልጋል፤ በዚህ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እዚያ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ያንን ነዳጅ ለማንሣት ሌላ ነዳጅ፣ ለእሱም ሌላ። ሮኬት ሩቅ አገር እንደሚሄድ የሲራራ ነጋዴ አህያ ነው፤ ጀርባው ላይ ካለው ጭነት አብዛኛው መንገድ ላይ የሚበላው የራሱ ድርቆሽ ነው። ፋልከን 9 የተባለው ሮኬት ሲነሣ 550 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ምሕዋር ላይ የሚያደርሰው ግን ቢበዛ 23 ቶን ነው። ለዚች ጭነት ሲባል ለስድሳ ዓመት ያህል አብዛኛው ሮኬት አንድ ጊዜ ብቻ በርሮ ይቀር ነበር።

የተለወጠው ይህ ነው። ስፔስኤክስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሮኬቶቹ ከሽፈውበት በአራተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ተሳካለት። እ.ኤ.አ. በ2015 የፋልከን 9ን የታችኛውን ክፍል መሬት ላይ በሰላም አሳረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ጊዜ የበረረውን መልሶ አበረረው። ዛሬ አንዱ ብቻውን ከ30 ጊዜ በላይ የበረረ አለ። የናሳ ተመራማሪ ሃሪ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ስሌት፣ በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር፣ በሸትል፣ አንድ ኪሎ ዕቃ ምሕዋር ላይ ማድረስ 54,500 ዶላር ያስወጣ ነበር፤ በፋልከን 9 ግን 2,720 ዶላር። ይህ ሃያ እጥፍ ቅናሽ ነው። አንድ ነገር ሃያ እጥፍ ሲረክስ ባሕርዩ ይለወጣል። ውድ በነበረበት ጊዜ ሰማይ የነገሥታት መታያ ነበር፤ ባንዲራ ተተክሎበት፣ ፎቶ ተነሥቶበት ይተዋል። ሲረክስ ግን ገበያ ይሆናል፣ መንገድ ይሆናል፣ ርስት ይሆናል። ርስት በሆነበት ቦታ ደግሞ ቀድሞ የገባ አለ፣ ዘግይቶ የመጣ አለ፣ ደጅ የሚጠና አለ።

ስለዚህ «ድኻ ባለበት ዓለም ሮኬት ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ፣ የቆየና ክቡር ጥያቄ ቢሆንም፣ ዛሬ እንደ ድሮው አድርገን ብንጠይቀው የሚያሳስተን ይመስለኛል።

ጥያቄውን ከጠየቁት ሁሉ በልኩ ያስቀመጠችው ዛምቢያ ውስጥ የምታገለግል አንዲት መነኩሲት ናት። እማሆይ ሜሪ ጁኩንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ለናሳው ሳይንቲስት ለኤርንስት ሽቱሊንገር ደብዳቤ ጻፈች። ምድር ላይ ሕፃናት በረሃብ እየሞቱ፣ ወደ ማርስ ለመጓዝ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ይውጣ ማለትን እንዴት ልብህ ቻለ ነው ነገሩ። ሽቱሊንገር ደብዳቤውን አላጣጣለውም። ረጅምና ትሕትና የተሞላ መልስ ጻፈላት፤ ጨረቃን ሲዞሩ የነበሩ ጠፈርተኞች ያነሡትን የምድርን ፎቶ ጨምሮ። በመልሱ ውስጥ የአንድ ጀርመናዊ መስፍን ታሪክ አለ። መስፍኑ ለድኾች የሚራራ ሰው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን መስታወት እየሞረደ ትንንሽ ነገሮችን አጉልቶ የሚያይ አንድ ሰው አገኘና ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገብቶ ያኖረው ጀመር። ሕዝቡ በወረርሽኝ እያለቀ ገንዘቡ ለመጫወቻ ይውላል ብሎ አጉረመረመ። መስፍኑ ግን አልተወውም። ከዚያ ሥራ ማይክሮስኮፕ ወጣ፤ ማይክሮስኮፑም ከምጽዋቱ ሁሉ በላይ በሽታን ድል ለመንሣት ረዳ።

መልሱ ቆንጆ ነው፤ እውነትነትም አለው። ግን ግማሽ እውነት ነው። የመስፍኑ ታሪክ ሁለት ነገር አይነግረንም። አንደኛ፣ ሮኬት እንደዚያ መስታወት ንጹሕ ሆኖ አልተወለደም። ሽቱሊንገር ራሱ በናዚ ጀርመን ዘመን ከቨርነር ፎን ብራውን ጋር ፔነሙንደ ላይ የሠራ ሰው ነው። ቪ-2 የተባለው ሮኬታቸው በለንደንና በአንትወርፕ ሕዝብ ላይ ወርዷል። የተገጣጠመው ደግሞ ሚተልቬርክ በተባለ የመሬት ውስጥ ዋሻ፣ በዶራ ማጎሪያ እስረኞች ጉልበት ነው፤ በዚያ ማጎሪያና በቅርንጫፎቹ 20,000 ገደማ እስረኛ አልቋል። ወደ ጨረቃ የወሰደው መንገድ በዚያ ዋሻ በኩል ነው ያለፈው። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጥ ይከብዳል። ማይክሮስኮፕ የዓለምን በሽታ ሊያክም የቻለው መስታወት መሞረድ የቻለ ሁሉ ሊሠራው ስለቻለ ነው። መስፍኑ ማይክሮስኮፑን ቆልፎበት፣ የሚያየውን ለወደደው ብቻ ቢነግርስ ኖሮ?

ይህ የምናብ ጥያቄ አይደለም። በእኛው ረሃብ ላይ ታይቷል።

የሰባ ሰባቱን ረሃብ ተከትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ፊውስ ኔት የተባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ። አሠራሩ ከሰማይ ማየት ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ታሕተ ቀይ ብርሃን ግን መልሶ ያንጸባርቃል። ሳተላይቷ ሁለቱን እያነጻጸረች የወሎን ማሳ፣ የቦረናን ግጦሽ፣ የሶማሌን ሜዳ በየጊዜው ትለካለች። ዝናቡም ከደመናው አናት ቅዝቃዜ ይገመታል። በልግ ሲቀር ማሳው ሥዕሉ ላይ ይገረጣል፤ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ከመናሩ፣ ገበሬው በሬውን ከመሸጡ በፊት። የሽቱሊንገር ማይክሮስኮፕ ይኸው ነው፤ እማሆይ ጁኩንዳ የጠየቀችው ነገር ሁሉ በዚህ የተመለሰ ይመስላል።

ከዚያ ጥር 2017 ዓ.ም. መጣ። አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቋርጥ የፊውስ ኔት ድረ ገጽም ተዘጋ። ለአርባ ዓመት የተከማቸው ካርታና ትንበያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዓይን ጠፋ። ሳተላይቶቹ ግን አልወረዱም። እንደ ወትሮው በላያችን ያልፉ ነበር፤ ቅጠሉን ያዩት ነበር፤ ዝናቡን ይለኩት ነበር። የተቋረጠው ያዩትን ለባለ ጉዳዩ የሚነግረው አፍ ነው። አገልግሎቱ ከወራት በኋላ ተመለሰ፤ ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል። የእኛ ማሳ ከሰማይ የሚታይበት ዓይን በሌላ ሰው በጀት ነው የሚገለጠውም የሚከደነውም።

ከዚህ በኋላ «ድኻ አገር ሳተላይት ምን ያደርግለታል?» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው መልስ ተለውጧል። ድኻ አገር ዓይኑ የራሱ እንዲሆን ከሌላው ይልቅ ምክንያት አለው።

ይህን ቀድማ የተረዳችው ህንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 የመጀመሪያዋን ትንሽ ሮኬት ያስወነጨፈችው ኬራላ ውስጥ ቱምባ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። መንደሪቱ የምድርን መግነጢሳዊ ወገብ ስለምትጎራበት ለጥናቱ ተስማሚ ነበረች፤ የሥራ ቤት ግን አልነበረም። የአካባቢው ጳጳስና ምእመናን የመግደላዊት ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ለቀቁላቸው። መሐንዲሶቹ መቅደሱ አጠገብ ሮኬት ገጣጠሙ፤ የሮኬቱን አናት በብስክሌት ጭነው ሲገፉ የሚያሳየው ፎቶ ዛሬም አለ። የፕሮግራሙ አባት ቪክራም ሳራባይ አገሩ ከሀብታሞች ጋር ለመፎካከር ሳይሆን የገበሬዋን፣ የአየር ጠባይዋን፣ የትምህርቷን ችግር ለመፍታት እንደምትሠራ ደጋግሞ ተናግሯል። ስልሳ ዓመት አለፈ። ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. የህንዷ ቻንድራያን-3 ከጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ አቅራቢያ በሰላም ዐረፈች፤ ወጪዋ 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ጠፈርተኛ ጋጋሪንን ያበቀለችው ሩሲያ የላከቻት ሉና-25 ግን ከአራት ቀን በፊት እዚያው ጨረቃ ላይ ወድቃ ተከስክሳ ነበር። ከብስክሌቱ እስከ ጨረቃው ያለውን ጊዜ ያሳጠረ ተአምር የለም። ስልሳ ዓመት ሳይቋረጥ የተከፈለ የመምህር ደመወዝ፣ ሳይዘጋ የቆየ ቤተ ሙከራ አለ።

እኛም ብንሆን ሰማይ ማየት ከውጭ የመጣብን ልማድ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስማምተው፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ ሠላሳ እንዲሆኑ አድርገው፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ለሚመጣው ዘመን ሁሉ በቃላቸው ያወጡ ነበር። ፀሐይ የምትገባባቸውንና የምትወጣባቸውን መስኮቶች የሚቆጥረው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ በዚያ ሥርዓት ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ስላለ ነው። ስሌቱ የማንም ርስት አልነበረም። ከአክሱምም ይምጣ ከጎንደር፣ ዝዋይ ደሴት ላይም ይቀመጥ፣ የተማረ ሁሉ ያሰላው ነበር፤ አንዱ ቢደበቅበት ሌላው ያወጣዋል።

የዛሬው ጅማሬያችን በእንጦጦ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት አላቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ታይዩዋን ማዕከል መጠቀች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል ነበር፤ ከ8 ሚሊዮን ዶላሩ ወጪ 6ቱን ቻይና እንደሸፈነች በወቅቱ ተዘግቧል። የኢትዮጵያ መሐንዲሶች በሥራው ተሳትፈዋል፤ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ ነበር። በዚያው ወቅት የዓለም የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ኮከብ እንዲሰይሙ ሲጋብዝ ኢትዮጵያ ለአንዲት ኮከብ ቡና፣ በዙሪያዋ ለምትዞረው ፕላኔት አቦል የሚል ስም ሰጥታለች። ደስ ይላል። እኔ ግን ከስሙ ይልቅ የሚያጓጓኝ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አሥረኛው መሐንዲስ ነው። ሳተላይት ዕድሜዋን ጨርሳ ትጠፋለች፤ የማይጠፋው ሠርቶ ያያት ሰው ነው፤ እሱም ከተያዘ፣ ከተከበረ፣ ወደ ሌላ አገር ካልተሰደደ።

አሁን ትልቁን ወሬ ልንካ፤ ማርስን። የስፔስኤክስ መሥራች ኢሎን ማስክ የኩባንያው የመጨረሻ ግብ ማርስ ላይ ከተማ መሥራት መሆኑን፣ ምድር ላይ ጥፋት ቢመጣ የሰው ዘር እዚያ እንዲተርፍ እንደሚፈልግ አይደብቅም። ሐሳቡን በንቀት የማልፈው አይደለም። የሰው ልጅ ስለ ሺህ ዓመት እንዲያስብ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ ከነገ ባሻገር ያያል። ነገር ግን እኛ ዳሎል ያለን ሕዝቦች ነን፤ ስለዚህ ጉዳይ የምንለው ሊኖረን ይገባል።

አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ ቢጫውና አረንጓዴው አሲድ የሚፍለቀለቅበት ያ ቦታ ከሌሎች ፕላኔቶች ጋር ለማነጻጸር ሳይንቲስቶች የሚመላለሱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ጥናቶች ወጡ። አንደኛው እጅግ ደቃቅ ሕይወት ያለው ነገር አገኘን አለ። ሌላው ደግሞ አሲዱም ጨዉም ሙቀቱም በተደራረቡባቸው አንዳንድ ኩሬዎች ውስጥ ምንም ሕይወት የለም ሲል ደመደመ። የሁለተኛው ድምዳሜ ትክክል ከሆነ ነገሩ እጅግ የሚያሳስብ ነው። ሕይወት በዚች ምድር ላይ ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በላይ ስትኖር፣ ውኃ እያለ፣ አየር እያለ፣ ጎረቤት ሜዳው በሕይወት ተሞልቶ ሳለ፣ ጥቂት ሜትር ተሻግራ እነዚያን ኩሬዎች መያዝ አልቻለችም። ከኩሬው ትንሽ ራቅ ብሎ የአፋር ሰው ጨው እየፈለጠ፣ አሞሌ እየጠረበ፣ ግመል እየጫነ ይኖራል። እሱ የሚኖረው የሚተነፍሰው አየር ስላለ ነው። ማርስ ላይ የአየሩ ግፊት ከምድር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ አማካይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከጨረር የሚጋርድ መግነጢሳዊ ጃንጥላም የለውም። ምድር የቱንም ያህል ብትበላሽ፣ ከበረሃዋ ሁሉ የከፋው በረሃ ከማርስ ገነት ይሻላል። ሰው ወደ ማርስ ይሂድ፤ ይይ፣ ያጥና፣ ይመለስ። የሰውን ዘር ለማትረፍ ነው ከተባለ ግን መትረፊያው እዚሁ ነው፤ ወጪውም እዚሁ ይውጣ እላለሁ።

አባቶች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። የማይደረስበትን ነገር ሁሉ በዚህ ነበር የሚቋጩት። ዛሬ ሰማዩ እየታረሰ ነው። የመጀመሪያዎቹ 60 የስታርሊንክ ሳተላይቶች የመጠቁት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ዛሬ በምድር ዙሪያ ከሚሠሩት ሳተላይቶች ሁሉ ከግማሽ በላዩ የዚህ የአንድ ኩባንያ ናቸው። በበጎ ጎኑ ሽቦ ያልደረሰበት መንደር ኢንተርኔት ያገኛል፤ ናይጄሪያ፣ ሩዋንዳና ኬንያ ውስጥ እየሠራ ነው። በሌላ በኩል ዝቅተኛው ምሕዋር የሚሞላ ቦታ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሩሲያ በ2021 የየራሳቸውን ሳተላይት በሚሳይል መትተው በሺዎች የሚቆጠር ስብርባሪ በትነውበታል፤ እያንዳንዱ ስብርባሪ ከጥይት የበለጠ ፍጥነት አለው። መንገዱ ከሞላ፣ ከቆሸሸም፣ ነገ ሳተላይት የሚያመጥቁት ዘግይተው የመጡት አገሮች ናቸው የሚቸገሩት።

ንጉሡስ? ንጉሡን መክሰስ የሚቻልበት ሕግ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ጠፈርን የሰው ልጅ ሁሉ ጉዳይ አድርጎ ይደነግጋል፤ ጨረቃንም ሆነ ሌላ የሰማይ አካል የትኛውም መንግሥት የግሌ እንዳይል ይከለክላል፤ የግል ኩባንያ ለሚያደርገውም መንግሥቱን ተጠያቂ ያደርጋል። በ1972 የወጣው የተጠያቂነት ስምምነት ደግሞ ከሰማይ ወድቆ መሬት ላይ ጉዳት ያደረሰ ነገር ቢኖር ያመጠቀው አገር ጥፋቱ ሳይጠየቅ ይከፍላል ይላል። ተግባራዊም ሆኖ ያውቃል። በ1978 ኒውክሌር ማብሊያ የያዘች የሶቭየት ሳተላይት፣ ኮስሞስ 954፣ ካናዳ ላይ ወድቃ በረዶው ላይ ጨረር ያለው ስብርባሪ ስትበትን፣ ካናዳ 6 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ጠይቃ በ1981 ሦስት ሚሊዮን ተቀብላለች። ለመቀበል ግን ስብርባሪውን የሚለቅምና የሚለይ ባለሙያ፣ ክሱን የሚጽፍ የሕግ ሰው ያስፈልጋል፤ ካናዳ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2020 የቻይና ሎንግ ማርች 5ቢ ሮኬት ሲወርድ አይቮሪኮስት ውስጥ መንደር ላይ ረጃጅም የብረት ቱቦ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ስታርሺፕ አየር ላይ ተበታትኖ ስብርባሪው በካሪቢያኖቹ ቱርክስና ካይኮስ ደሴቶች ላይ ወርዷል። ከላይ የሚወርደው ብረት የአገር ድንበር አይመርጥም፤ ለጉዳቱ ካሣ መጠየቅ የሚችለው ግን የተዘጋጀ አገር ነው።

አንድ ጊዜ የተሞከረ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ኮንጎ፣ ዛየርና ኢንዶኔዥያ ቦጎታ ላይ ተሰብስበው፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው፣ የቴሌቪዥንና የስልክ ሳተላይቶች የሚቆሙበት ምሕዋር የእኛ ነው አሉ። ሐሳቡ በሕግ አልቆመም። እኔ ግን የእነዚያን ዲፕሎማቶች ሥጋት አከብረዋለሁ። ያዩት እውነት ነበር፤ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ቦታ ይዞ ሲጨርስ ለእኛ ምን ይቀራል ነው ያሉት። የተሳሳቱት ሰማዩን እንደ መሬት ለመካፈል ማሰባቸው ላይ ነው። ዛሬ ያንኑ ስሕተት ሀብታሞቹ እየደገሙት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017 ባወጧቸው ሕጎች ኩባንያዎቻቸው ከጨረቃና ከአስትሮይድ የሚያወጡት ማዕድን የግላቸው እንዲሆን ፈቅደዋል። መሬቱ የማንም አይደለም፤ ከመሬቱ የወጣው ግን የቆፈረው ነው ማለት ነው። ለኩባንያ ጠበቃ ይህ አሳማኝ ሊሆን ይችላል። ማዕድኑ ተቆፍሮ ባዶ ጉድጓድ የቀረለት አፍሪካዊ ግን ይህን ክርክር ከዚህ በፊት ሰምቶታል፤ መጨረሻውንም ያውቀዋል።

ስለ ሮኬት ያለኝ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። ይሠራ፤ ይርከስ፤ ይደግ። የቴክሳሱን ማማ የሠሩትን ሰዎች ማድነቄን አልተውም። ነገር ግን የሙኩኩ ገበሬ ከዚያ ጥበብ የሚደርሰው ድርሻ ስብርባሪው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ማሳውን የሚያይለት ዓይንም፣ ጉዳት ሲደርስበት የሚከራከርለት ጠበቃም ሊኖሩት ይገባል። ይህ ደግሞ ማንም በቸርነት የሚሰጠን አይደለም።

ስለ ጠፈር ማዕድን የሚደነግጉት መርሖች በተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ኮሚቴ ሥር፣ ቪየና ላይ፣ በአንድ የሕግ የሥራ ቡድን እየተረቀቁ ነው፤ የቡድኑ የሥራ ዘመን እ.ኤ.አ. እስከ 2027 ነው። ኢትዮጵያ የዚያ ኮሚቴ አባል ናት። የአፍሪካ የጠፈር ኤጀንሲም ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ሥራ ጀምሯል። የሕግ መምህር የሆንህ አንባቢ፣ የ1967ቱንና የ1972ቱን ስምምነቶች ለተማሪዎችህ አስነብብ፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። በውጭ ጉዳይም ሆነ በጠፈር ተቋማችን የምትሠሪ፣ ቪየና ያለው ወንበራችን ባዶውን እንዳይውል አድርጊ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል የሮኬትና የሳተላይት ኩባንያዎች ውስጥ የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ መጥታችሁ ለአንድ ሰሚስተር ብታስተምሩ የአንድ ሳተላይት ዋጋ ያህል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. 2027 ሩቅ አይደለም።